ትልቁ ዲስክ ምን ይጨምራል?

ቁልቁለት ላይ የደረሰ የመኪና አደጋ ሲወራ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ግን ሁልጊዜ የተበጠሰ ነገር አለ ማለት አይደለም። ቱቦው ደህና ሆኖ፣ ሸራው ሳያልቅ፣ ዲስኩም ሳይሰበር መኪና አልቆም ሊል ይችላል፤ ምክንያቱ ፍሬኑ ከአቅሙ በላይ መጋሉ ነው። ይህ ነገር ፈጣን ትንሽ መኪና ገዝተው የፊት ፍሬኗን በትልቅ ሊያስቀይሩ የሚጓጉ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ትልቅ ዲስክ ሲሸጥ መኪናን ቶሎ ያቆማል እየተባለ ነው። በእኔ እምነት ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ መኪናዋ አሥር ጊዜ ተከታትላ ብትቆም፣ አሥረኛውም እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ማድረግ። ይህን የሚፈልግ አሽከርካሪ ደግሞ ገንዘቡን ከዲስክ አስቀድሞ የሚያውልባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ።

የፍሬን ሥራ ፍጥነትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። 1,400 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር ብትቆም 540 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይፈጠራል። ፍጥነቱ 120 ቢሆን ሙቀቱ በ44 በመቶ ይጨምራል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ አፍንጫዋ ስለሚደፋ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ ቆማ ሳለ 60 በመቶ ክብደቷ ፊት ላይ ያረፈ መኪና በኃይል ስትቆም ወደ 80 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። የፊት ዲስክ ከኋላው የሚተልቀው ለዚህ ነው። ቁልቁለት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይጥላል። ያችው መኪና 1,000 ሜትር ብቻ ስትወርድ ፍሬኗ ብቻውን ቢይዛት የሚሸከመው ሙቀት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ ሰዎች ይህን ሁሉ ሸክም ፍሬኑ ላይ ይጭናሉ። ቁጠባውም ቢሆን የለም፤ የዛሬዎቹ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ፣ ነዳጅ መስጫው እስካልተረገጠ ድረስ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል።

የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ሰባተኛ ትውልድ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ገበያ ላይ ሲውል መደበኛው 220 የፈረስ ጉልበትና 312 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፊት ዲስክ ነበረው። ተጨማሪ ለከፈለ ደንበኛ 230 የፈረስ ጉልበትና ስፋቱ 340፣ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ይሰጠው ነበር። ትልቁ ዲስክ ሸራው የሚይዝበትን ቦታ ከመሐል ስለሚያርቀው የመያዝ ጉልበቱን በአንድ አሥረኛ ገደማ ይጨምራል። ነገር ግን ትንሹም ዲስክ ቢሆን ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከለክለውን ኤቢኤስ ያስነሣል። ኤቢኤስ ተነሣ ማለት ጎማው አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመር ጉልበት መሄጃ የለውም። መኪናን የሚያቆመው በመጨረሻ ጎማ ነው። ላዩ ያለቀ ጎማ የያዘች መኪና የቱንም ያህል ዲስክ ብትሸከም እርጥብ መንገድ ላይ ትንሸራተታለች።

ታዲያ ፋብሪካው ራሱ ትልቅ ዲስክ ለምን ይሸጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው አብሮ ከተሸጠው ነገር ላይ ነው። በጉልበት የጨመረው 10 ፈረስ ብቻ ሆኖ ሳለ የፊት ጎማዎች ከመታጠፊያ ሲወጡ እንዳይሽከረከሩ የሚከለክል ዲፈረንሻል ተጨምሮበታል፤ ዕቃው የታሰበው ደጋግሞ ለሚፈጥንና ደጋግሞ ለሚቆም ሰው ነው። ወፍራም ብረት ብዙ ሙቀት ይቀበላል፣ በመሐሉ የሚያልፈው አየርም ቶሎ ያበርደዋል። ከዚህም በላይ ፋብሪካው የፊቱን ብቻ ለውጦ አልተወም፤ የኋላውንም ዲስክ አሳድጓል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብዙ ፒስተን ያለው ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፊት ላይ ብቻ ሲገጠም የፒስተኖቹ ድምር ስፋት ከድሮው ከበለጠ፣ ያው የድሮው የፍሬን ፓምፕ ብዙ ዘይት መግፋት ስላለበት ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የፊቱ ከመጠን በላይ ሲበረታም የፊት ጎማዎች ቀድመው ወሰናቸው ላይ ይደርሳሉ፣ የኋላዎቹ ድርሻቸውን ሳይሠሩ ይቀራሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣባት መኪና ከድሮው ርቃ ልትቆም ትችላለች።

ሌላው ክርክር የፔዳል ስሜት ነው፦ «ስረግጠው ልፍስፍስ ይልብኛል፣ ስለዚህ ፍሬኑ ደካማ ነው።» ልፍስፍስነቱ ግን ሁልጊዜ ከዲስኩ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 ብቅ ያለው የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ መሪው በቀኝ ሆኖ ለእንግሊዝ ሲሠራ ፔዳሉ ወደ ቀኝ ዞረ፣ የፍሬኑ ፓምፕ ግን በግራ ቀረ። ሁለቱን የሚያገናኘው አግዳሚ ዘንግ ሲረገጥ ስለሚለመጥ የእግሩ ጉልበት መንገድ ላይ ይባክን ነበር። በዚህ የተማረረ ሰው ትልቅ ዲስክ ቢገጥም ዘንጉ መለመጡን አይተውም።

ዛሬ ለልፍስፍስ ፔዳል ቀድሞ የሚጠረጠረው ዘይቱ ነው፤ አየር ገብቶበት ወይም አርጅቶ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ እግር የገፋው ጉልበት ሸራው ጋ ሳይደርስ ይጠፋል። «ፍሬን በጠሰ» የተባለለት መኪና ጋራዥ ሲደርስ ፔዳሉ ደህና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ዘይቱ ቀዝቅዞ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗልና። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ከአዲስ ዲስክ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ዶት 5.1 የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ በስም የሚቀርበው ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ዘይት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ከዘይት ቀጥሎ ሸራ ይመጣል። ለውድድር የተሠራ ሸራ ካልጋለ በደንብ አይዝም፤ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለምታደርስ መኪና አደገኛ ነው። ለመንገድ የሚሻለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90ን ያሟላ ሸራ ነው፤ ደንቡ የሸራው አያያዝ ከፋብሪካው ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ያስገድዳል።

ጥሩ ጎማ፣ አዲስ ዘይትና ተገቢ ሸራ ኖሮም ፍሬኑ በመደጋገም ከደከመ፣ ዲስኩም በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ወይም ፊቱ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ያን ጊዜ ትልቅ ዲስክ ዋጋው ይገባዋል። የሚሻለው ፋብሪካው ለዚያችው መኪና ብርቱ ዓይነት ያዘጋጀውን ዲስክ፣ ካሊፐርና ማሰሪያ አንድ ላይ መውሰድ ነው። 340 ሚሊ ሜትር ዲስክ በ16 ኢንች ቸርኬ ውስጥ አይገባም፤ በ17 ኢንችም ቢሆን የሚገባው በአንዳንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የካሊፐሩን ቅርጽ በካርቶን ቆርጦ ቸርኬው ውስጥ ማዞር ያስፈልጋል። ካርቶኑ አንድ ቦታ እንኳ ከነካ፣ በዲስኩ ዋጋ ላይ የአራት ቸርኬና የአራት ጎማ ዋጋ ይደመራል።