«ራፊኪ»፦ «ጓደኛ» የተባለ ፍቅር

ጎንደር ውስጥ አንዲት ልጅ አንዱን ወጣት «ጓደኛዬ ነው» ብላ ብታስተዋውቅ ሰሚው ከቃሉ ይልቅ ድምፅዋን ያዳምጣል። አብሯት የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ልቧን የሰጠችው ሊሆን ይችላል። አዝማሪ ቤት ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን ለመለየት አይቸገርም። ሁለት ሴቶች «ጓደኛዬ ናት» ሲባባሉ ግን ወርቁን የሚፈልግ የለም፤ በሰሙ ብቻ ይታለፋል። ኬንያዊቷ ዳይሬክተር ዋኑሪ ካሂዩ ፊልሟን በስዋሂሊ «ራፊኪ»፣ ማለትም «ጓደኛ» ብላ የሰየመችው በዚሁ ምክንያት ነው። ፍቅረኛውን በሰው ፊት ፍቅረኛዬ ማለት የማይችል ሰው የሚጠለልበት ቃል ነው።

ፊልሙ የተወሰደው ከአጭር ልብወለድ ነው። ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ዴ ኒዬኮ «የጃምቡላ ዛፍ» በተባለው ታሪኳ በ2007 እ.ኤ.አ. የኬን ሽልማትን አሸነፈች፤ ለኡጋንዳ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩ ደብዳቤ ነው። አንያንጎ ለሳንዩ ትጽፋለች። ሁለቱም ካምፓላ ውስጥ ናካዋ በሚባል የመኖሪያ ሰፈር ያደጉ ናቸው። ማማ አቲም የምትባል ወሬ የማያልቅባት ጎረቤት ምስጢራቸውን ለሰፈሩ አወጣችው፣ ሳንዩም ወደ ለንደን ተላከች። አሁን ልትመለስ ነው፤ አንያንጎ ትጠብቃታለች።

አንድ ገጹን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። እንግሊዝኛው «አንተ»ንና «አንቺ»ን አይለይም፤ ማን ለማን እንደሚጽፍ ቃሉ ብቻውን አይናገርም። እኔ ግን «ትመለሻለሽ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ያቺ የመጨረሻዋ «ሽ» አንዲት ፊደል ናት፤ የታሪኩ ክብደት ሁሉ ግን እሷ ላይ አረፈ። የእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ፍቅር መደበቅ አይችልም። ይህ ለታሪኩ ችግር ሳይሆን ጸጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካሂዩ ታሪኩን ናይሮቢ አምጥታ ልጆቹን ኬናና ዚኪ አለቻቸው። ኬና ከወንዶቹ ጋር ኳስ ትጫወታለች፤ ዚኪ ባለቀለም ሹሩባዋን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። አባቶቻቸው በአንድ ምርጫ የሚፎካከሩ ፖለቲከኞች ናቸው። ማማ አቲም እዚህም አለች፤ ሻይና ምግብ እየሸጠች ሰፈሩን ትጠብቃለች። ሁለቱ ልጆች የሚገናኙት በተጣለ አሮጌ መኪና ውስጥ ነው። ውጭው ዓይን ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ግን ብርሃኑ ሮዝና ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ድምፃቸውም ዝግ ይላል። ደብዳቤው በናፍቆት የሚያስታውሰውን ፊልሙ ፊት ለፊት ያሳየናል። ኬናን የተጫወተችው ሳማንታ ሙጋሲያ በ2019 እ.ኤ.አ. በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይትነት ሽልማት አግኝታለች፤ ይገባታል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱን አስለቅሷል! በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው ሰው የሠራው ሥርዓት ነው። ለእነሱ ያለቀሰ ሰው ኬናንና ዚኪን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅረኞቹን እስከ መቃብር ሸኙ፤ ካሂዩ ግን መቃብሩን እምቢ አለች። በፊልሙ መጨረሻ አንዲት እጅ የኬናን ትከሻ ትነካለች፣ ያኔ ያልቃል።

ጠቡን ያመጣው ይኸው ፍጻሜ ነው። የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ መጨረሻው ተስፋ ስለሚሰጥ ይቀየር አለ፤ ካሂዩ አልቀይርም አለች። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ታገደ። በቀጣዩ ወር ካን ፌስቲቫል ላይ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ። በመስከረም የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ አነሣ፤ በእነዚያ ሰባት ቀናት ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ ተጨማሪ ሰዓት ተመደበ። ያ ሕዝብ የፊልሙ እውነተኛ ወዳጅ ነው፤ ሕግ ሲፈቅድለት ወንበሩን ሞላ።

በእኛም አገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ግንኙነት ያስቀጣል። ሕጉ ግን ማንበብን አልከለከለም። «የጃምቡላ ዛፍ» በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ እሱን አንብቡ፣ ፊልሙን ከዚያ በኋላ እዩት። ያችን «ሽ» ሳይፈራ ሙሉውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ካለ፣ የመጀመሪያዋ አንባቢ እኔ ነኝ።