የናፍቆት ሒሳብ፦ ወረርሽኝ እያለ ቤተሰብ ለማየት መብረር ስንት ያስወጣል?

ኮቪድ 19 ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን አዲስ አበባ መጥቶ ቤተሰቡን ለመጠየቅ ሲያስብ ዋናው ጥያቄ የቲኬቱ ዋጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቲኬቱ ከወጪው ሁሉ ቀላሉ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉን የጤና አደጋ ማብቃቱን ያስታወቀው በሜይ 2023 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ጥያቄው አብሮ አልተዘጋም። በኖቬምበር 2025 ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ሲረጋገጥ እንደታየው፣ የወረርሽኝ ዜና መልኩን ቀይሮ መምጣቱ አይቀርም። በመሆኑም "ልሂድ ወይስ ልቆይ?" የሚለው ውሳኔ በገንዘብ ሲተመን ምን እንደሚመስል ማየት ተገቢ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው የለንደኑን ነዋሪ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የጉዞው ቅጣት በፓውንድ ተጽፎ ስለነበር ለመቁጠር ይመቻል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የመግቢያውን በር እንመልከት። ኢትዮጵያ ከማርች 23 ቀን 2020 ጀምሮ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ለ14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ አዝዛ ነበር። ይህ እየላላ ሄዶ ከመድረሱ በፊት ባሉት 120 ሰዓታት ውስጥ ከቫይረሱ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የፒሲአር ምርመራ ውጤት ይዞ የመጣ ሰው ቤቱ ራሱን ለይቶ እንዲቆይ ተፈቀደ። እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ መግባት ርካሽ እየሆነ መጣ ማለት ነው። የተወደደው መመለሻው ነው።

ብሪታንያ ማርች 19 ቀን 2021 ኢትዮጵያን ከኦማን፣ ከኳታርና ከሶማሊያ ጋር "ቀይ መዝገብ" በሚባለው ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ የወጣችው ኦክቶበር 11 ቀን 2021 ነው። በእነዚህ ሰባት ወራት ገደማ ከኢትዮጵያ የሚመለስ የብሪታንያ ዜጋ ወይም ነዋሪ መንግሥት በመረጠለት ሆቴል 10 ቀን ተዘግቶበት መቀመጥ ነበረበት። ዋጋው ምግቡን፣ ምርመራውንና መጓጓዣውን ጨምሮ ለአንድ አዋቂ 1,750 ፓውንድ ነበር። ኦገስት 12 ቀን ወደ 2,285 ፓውንድ ከፍ አለ።

ይህ ገንዘብ ለማን ምን ማለት ነው? በለንደን አዛውንት በመንከባከብ ወይም ቢሮ በማጽዳት በዝቅተኛው የደመወዝ ወለል የሚሠራን ሰው እንውሰድ። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ወለሉ በሰዓት 8.91 ፓውንድ ነበር። 1,750 ፓውንድ ለማግኘት ይህ ሰው ግብር ሳይቆረጥ 196 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ አምስት ሳምንት ያህል መሥራት አለበት። አዲሱ ዋጋ ደግሞ ከስድስት ሳምንት ያልፋል። ይህም የሆቴሉ ክፍያ ብቻ ነው። በሆቴሉ የሚባክነው ጊዜ እስከ 8 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ደመወዝ የማይታሰብለት ከሆነ በ8 ሰዓት ሲባዛ 570 ፓውንድ ገደማ ይቀርበታል። ኢኮኖሚስቶች "አማራጭ ወጪ" የሚሉት ይህንን ነው፤ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ብዙ ሰው ሒሳቡ ውስጥ አያስገባውም። የዓመት ፈቃድ ያለውም ቢሆን አይድንም። በሕጉ የሚገባው ከበዓላት ጋር 28 ቀን ሲሆን ከዚህ ሩብ በላዩን በሆቴል መስኮት ላይ ሊያሳልፈው ነው።

የዋጋው አወጣጥ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በመጀመሪያው ተመን ለሁለተኛ አዋቂ የሚጨመረው 650 ፓውንድ ስለነበር ባልና ሚስት 2,400 ይከፍሉ ነበር። በኦገስቱ ለውጥ ሁለተኛው ሰው 1,430 ስለተደረገ ድምሩ 3,715 ሆነ። ብቸኛው መንገደኛ 30 በመቶ ሲጨመርበት በባልና ሚስት ላይ 55 በመቶ ተጨመረ ማለት ነው። የተወሰኑ ድጎማ ተቀባዮች ክፍያውን በ12 ወር እየከፋፈሉ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ዕዳ ግን ዕዳ ነው።

ብልሃት ያለው ሰው "10 ቀን ሌላ አገር ቆይቼ እገባለሁ" ይላል። በሕጉ የተፈቀደ ነበር። ይሁንና መሸጋገሪያ ይሆናሉ የሚባሉት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እስከ ኦገስት 8፣ ኬንያና ቱርክ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 22 ራሳቸው በቀዩ መዝገብ ውስጥ ነበሩ። የቀረው መንገድ የሌላ አገር የ10 ቀን ሆቴልና ተጨማሪ ቲኬት ነው፤ ያ ደግሞ ከለንደኑ ሆቴል ብዙም አይርቅም። የነበሩበትን አገር መደበቅ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊያስከትል እንደሚችል መንግሥት አስጠንቅቆ ስለነበር እርሱን እንደ አማራጭ አንቆጥረውም። "እናቴን እኔ ዘንድ ላምጣት" የሚለውም ተዘግቶ ነበር፤ ከቀይ አገር የሚመጣ ጎብኚ ጨርሶ አይገባም።

በአሜሪካ ያለው ወገናችን የሆቴል ክፍያ አልነበረበትም። የእርሱ አደጋ ሌላ ነው። ከጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው በሦስት ቀን ውስጥ የተደረገ ምርመራ ማሳየት ነበረበት፤ ከዲሴምበር 6 ጀምሮ ወደ አንድ ቀን አጠረ፤ በጁን 2022 ቀረ። ለ2014 ዓ.ም. የገና በዓል አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ አገሩ እንዲገባ ጥሪ ሲደረግ ሥራ ላይ የነበረው ይኸው የአንድ ቀን ሕግ ነው። ጊዜውም ኦሚክሮን የተስፋፋበት ነበር። በመሆኑም የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው በመጨረሻው ዕለት ቫይረሱ ቢገኝበት ፈቃዱ ሳይፈለግ ይረዝማል። ሳዑዲ ዓረቢያም በጁላይ 2021 ከኢትዮጵያ በቀጥታ መግባትን ስትከለክል እዚያ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን የመሄዳቸው ዋጋ ሥራቸው ራሱ ሊሆን ይችል ነበር። የዚህን ተመን ለማውጣት ካልኩሌተር አይረዳም።

እስካሁን የቆጠርነው ተጓዡ የሚከፍለውን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላው ሰው የሚከፍለው ነው። ከውጭ የመጣ ልጅ እናቱን ብቻ አያይም። ጎረቤት "እንኳን ለአገርህ አበቃህ" ሊል ይመጣል፤ የእድሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ አክስት ከክፍለ ሀገር ትመጣለች፤ ሁሉም ይሳሳማል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የክትባት ጠብታ የተቀበለችው ማርች 7 ቀን 2021 ሲሆን ይህ ለሕዝቡ ብዛት ኢምንት ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት አጋማሽ ሁለቴ የተከተበ ልጅ ያልተከተቡ አዛውንቶች መካከል የሚቀመጥበት አጋጣሚ ብዙ ነበር። ምርመራውም የሚናገረው ስለተደረገበት ሰዓት ብቻ ነው፤ 120 ሰዓት አምስት ቀን ነው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ቤት ተለይቶ የመቆየቱን ቀን ከልቡ ለማክበር ያልቆረጠ ሰው ባይነሳ ይሻል ነበር፤ የማይከፍለውን ዋጋ በሌላ ሰው ስም እየፈረመ ነውና።

ታዲያ መቼ ነው መሄድ የሚያዋጣው? እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት ተገላቢጦሹን ይመስለናል። ሞት ሲሰማ ማንም ዋጋ አይጠይቅም፤ ቲኬት በማግስቱ፣ በተገኘው ዋጋ ይቆረጣል። ነገር ግን በአገራችን ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም፣ የምርመራ ውጤት መጠበቅ ሲጨመርበት ከለንደን ተነስቶ መድረስ ከባድ ነው። ለክርስቲያኑ አርባው አለ፤ አርባ ቀን ደግሞ ቲኬት ለማወዳደር፣ ለመመርመርና ፈቃድ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ ነው። መቸኮል ዋጋ የሚኖረው በሽተኛው በሕይወት እያለ፣ ልጁን እያወቀ ነው። ዶክተሩ "ወራት ናቸው" ካለ 2,285 ፓውንድ ውድ አይደለም፤ እናት ደኅና ሆና ናፍቆት ብቻ ከሆነ ግን ስድስት ወር መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ኢትዮጵያም ከመዝገቡ ለመውጣት የወሰደባት ከዚያ ብዙ አልበለጠም።

ገንዘቡን በመላክ መተካትስ? የዓለም ባንክ በ2020 መጀመሪያ ወደ ታዳጊ አገሮች የሚላከው ገንዘብ በ20 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ተንብዮ ነበር። በሜይ 2021 ባወጣው ቆጠራ የቀነሰው 1.6 በመቶ ብቻ፣ ድምሩም 540 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ። መሄድ ያልቻለ ሰው መላኩን አላቆመም። ለመድኃኒትና ለኦክስጅን የሚያስፈልግ ከሆነ የሆቴሉ 1,750 ፓውንድ አዲስ አበባ ላይ ከልጁ መገኘት የበለጠ ሊሠራ ይችላል፤ እናት ግን ይህን ሒሳብ እንደማትቀበለው እናውቃለን።

በመጨረሻ ስለ ቲኬቱ ገንዘብ። ከለንደን የሚነሳ በረራ አየር መንገዱ ራሱ ከሰረዘው ሙሉ ገንዘቡን በሰባት ቀን ውስጥ የመመለስ ግዴታ በሕግ አለበት፤ ኩፖን ካልፈለጉ አለመቀበል ይቻላል። አውሮፕላኑ እየበረረ ደንቡ ብቻ ተለውጦ ጉዞው የማያዋጣ ከሆነ ግን መብቱ የለም፤ የሚመለሰው በቲኬቱ ውል የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንብ ሊቀየር ነው የሚል ወሬ የሰማ መንገደኛ መጀመሪያ ውሉን ያንብብ፤ አየር መንገዱ ሊሰርዘው የሚችል ከሆነም ቀድሞ "ቀርቻለሁ" አይበል። ገንዘቡ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ሄደም ቀረም ጠፍቷልና ከውሳኔው ሒሳብ ውስጥ ያውጣው።