ፍቅሯን በነሐስ ያቆመችው ወጣት

እስቲ ልጠይቃችሁ... ፍቅር ሲይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አንዱ ዘፈን ይመርጣል፣ ሌላው እንቅልፍ ያጣል። የዛሬዋ ባለታሪካችን ግን ጭቃ አነሳች። እንደ ዓምዳችን ልማድ ስም አልጠራም፤ ታሪኩ ግን እውነት ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቁጠሩልኝ።

በ1864 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደች። የፓሪሱ ትልቁ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ድረስ ሴት አይቀበልም ነበር። እናም በ1880ዎቹ አንድ ስመ ጥር ቀራፂ ዘንድ ገባች። ሰውዬው በ24 ዓመት ይበልጣታል፤ ለዓመታት አብራው የኖረች ሴትም አለችው። ልጅቷ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሞዴሉ፣ በመጨረሻም ፍቅረኛው ሆነች። አንድ ሰው ሕይወታችሁ ውስጥ ይህን ሁሉ ቦታ ሲይዝ አስቡት!

በ1886 እንደሚያገባት በጽሑፍ ቃል ገባላት። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ሠርጉ ቀረ።

«ቫልስ» የተባለው ሥራዋ ሁለት ፍቅረኞች ተቃቅፈው ሲደንሱ ያሳያል። በ1892 አንድ የመንግሥት ተቆጣጣሪ እርቃናቸውን መሆናቸውን አልወደደውም፤ ለሴቷ ቀሚስ ጨመረችላት። ወንድ የሴት ገላ ሲቀርፅ ጥበብ፣ ሴት የራሷን ስሜት ስትቀርፅ ነውር! አይገርምም?

ከዚያ ተለያዩ። «የብስለት ዘመን» በሚለው ሥራዋ አንዲት አሮጊት አንድን ወንድ ይዛው ትሄዳለች፤ ወጣቷ ከኋላ ተንበርክካ እጇን ዘርግታለች። እጅ ለእጅ ግን አይነካኩም። አይታችሁት ዝም ማለት አይቻልም።

ኋላ ታመመች፤ ሰውዬው ሥራዬን ሊሰርቀኝ ነው ብላ ትጠረጥር ጀመር፣ ሐውልቶቿንም ሰባበረች። በ1913 አባቷ በሞተ በሳምንቱ ቤተሰቦቿ የአእምሮ ሕክምና ተቋም አስገቧት። ሐኪሞች ትውጣ ቢሉም እናቷ እምቢ አለች። 30 ዓመት እዚያው ቆይታ በ1943 አረፈች። ሰውዬውስ? በ1917 የድሮዋን ሴት አገባ።

«ፍቅር አሳበዳት» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በሽታ በሽታ ነው። የጎዳት ነገር ሌላ ነው፤ እንጀራዋም፣ ስሟም፣ ልቧም አንድ ሰው እጅ መግባቱ። ደግሞስ ከሱ ከተለየች በኋላ አይደል «የብስለት ዘመን»ን የሠራችው?

እህቴ፣ የምታፈቅሪው ሰው አለቃሽ ወይም አስተማሪሽ ከሆነ ፍቅሩን ሳይሆን ቁልፉን አስቢ። እሱ ሲሄድ የሚቆለፍብሽ በር ስንት ነው? ቢያንስ የአንዱ ቁልፍ አንቺ ጋ ይሁን። ወንድሜ፣ አንተም የማትፈጽመውን ቃል በወረቀትም በአፍም አትስጥ። ቤትህ ሌላ ሴት እያለች «ትንሽ ታገሺኝ» ማለት የሰው ዕድሜ መብላት ነው።

በ2017 ኖዣን ሱር ሴን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሙዚየም ተከፈተ፤ የተሰየመው በዚህችው ሴት ስም ነው። የማንም ተማሪ፣ የማንም ፍቅረኛ ሳትባል፣ በራሷ ስም!