ልጅን ከማስመዝገብ በፊት ትምህርት ቤቱን በዓይን ማየት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህች ሐሳቤ ለሥራ ባልደረቦቼ ትጠቅም እንደ ሆነ በማለት የላክኋት ስለ ሆነች፥ በአንባብያን ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፥ የክልሉ ቢሮዎች በአንድ ከተማ ብቻ ሳይከማቹ ወልቂጤንና ቡታጅራን ጨምሮ በልዩ ልዩ ከተሞች ስለ ተደለደሉ፥ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ጓዙን ጠቅልሎ ወደነዚህ ከተሞች ተዛውሯል። ወልቂጤ እንደ ቀድሞው የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። የዝውውር ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ የቤት ኪራይ ከጠየቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው፥ «የመንግሥቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ብሎ ነው። የሚያገኘውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ግድ የለም፥ ደኅና ነው» ወይም «ልጅህን አዲስ አበባ ከአያቱ ዘንድ ብትተወው ይሻላል» የሚል።

ሁለቱም መልሶች ከወሬ የተገኙ እንጂ ከምርመራ የተገኙ አይደሉም። በነዚህም ላይ ተመሥርቶ አንዱ አባት ቤተ ሰቡን ለሁለት ከፍሎ በየሳምንቱ በመኪና ይመላለሳል፤ ሌላው ደግሞ ሳያይ አስመዝግቦ ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ይደነግጣል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ሁለተኛ ደረጃ ማለት ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ደግሞ ከአንድ ልጅ ዕድሜ ላይ ቀላል ቁራጭ አይደለም። ስለዚህ ወላጅ ትምህርት ቤቱን ራሱ ሄዶ እንዲመረምር፥ ሲመረምርም ምን ምን ማየት እንደሚገባው ባጭሩ ላመልክት።

በመጀመሪያ ጊዜውን መምረጥ ነው። በጉራጌ አገር ትምህርት በሚጀመርበት በመስከረም ወር የመስቀል በዓል ይደርሳል። ከየከተማው የአገሩ ልጅ ሁሉ ወደ መንደሩ ይገባል፤ ከገጠር መጥቶ ከተማ የሚማረውም ተማሪ ወደ ቤተ ሰቡ ይሄዳል። በሙስሊሙም ዘንድ የዓረፋ በዓል እንደዚሁ የመሰባሰቢያ ጊዜ ነው። በነዚህ ሰሞን ትምህርት ቤቱን የጐበኘ ሰው ባዶ ወንበር አይቶ ቢፈርድ ፍርዱ የተጣመመ ይሆናል። ይልቅስ በጥቅምት ወይም በኅዳር፥ አንድ ጊዜ በተራ ቀን፥ አንድ ጊዜም በከተማው የገበያ ቀን መሄድ ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል የሚታየው የባዶ ወንበር ልዩነት፥ ስንቱ ተማሪ ንግድና ሥራ ከትምህርቱ ላይ እንደሚሻማበት ያስረዳል።

ሁለተኛው ነገር የፈተና ውጤት ነው። ብዙ ወላጅ «ስንት አሳለፈ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ነገር ግን ቁጥር ያለ ማነጻጸሪያ ያሳስታል። ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ፥ በመላ አገሪቱ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. መቶ አስፈትኖ ስምንት ያሳለፈ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ አማካይ አጠገብ ነው ማለት ነው። ተማሪን በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን በሙሉ ቢያሳልፉ የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፥ ደጁን ለሁሉ ከከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋራ በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም።

ከዚህም የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ «ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል የገቡት ስንት ነበሩ? ከነዚያ ውስጥ ዐሥራ ሁለተኛ የደረሱትስ ስንት ናቸው? ከደረሱትስ ሴቶቹ ስንት ናቸው?» የሚለው ነው። አምስት መቶ ተቀብሎ አንድ መቶ ብቻ ለፈተና ያደረሰ ትምህርት ቤት፥ ያሳለፈው ቁጥር ቢያምርም አራት መቶ ልጆች በመንገድ ቀርተውበታል። ከነዚያ መካከል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ይኖራሉ፤ ትምህርቱን ትተው ወደ ንግድ የሄዱና ወደ ትዳር የገቡም ይኖራሉ። መዝገቡ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ስላለ ጠይቆ ማየት ነው። በደስታ የሚያሳይ ርእሰ መምህር ራሱ አንድ ጥሩ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ነገር የተማሪው ድብልቅነት ነው። በወልቂጤ የሰባት ቤት ጉራጌው፥ የቀቤናው፥ የኦሮሞውና የአማራው ልጅ በአንድ ክፍል ይማራል። በቡታጅራ ደግሞ መስቃኑ፥ ማረቆው፥ ስልጤውና የሶዶ ክስታኔው ይገናኛሉ። ኦርቶዶክሱ፥ ሙስሊሙ፥ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ይህን እንደ ስጋት የሚያዩ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያና በ2011 ዓ.ም. በሁለቱም ከተሞች አካባቢ የደረሰውን ግጭት የሰማ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጁን ከድብልቁ ማውጣት ስጋቱን አያጠፋውም፤ ልጁ ነገ በመሥሪያ ቤት የሚገናኘው ከነዚሁ ሰዎች ጋራ ነውና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል።

መመርመር የሚገባው፥ ትምህርት ቤቱ ድብልቁን እንዴት እንደሚያስተዳድር ነው። በዕረፍት ሰዓት በግቢው ቆሞ ማየት ነው፤ ልጆቹ በየመንደራቸው ተለይተው ይቆማሉ ወይስ ተደባልቀው ይጫወታሉ? የክፍል አለቆችና የክበብ መሪዎች ከአንድ ወገን ብቻ ናቸው ወይስ ከሁሉም? ጠብ ቢነሣ ማን ይዳኛል፥ ወላጅስ መቼ ይጠራል? በጾምና በጸሎት ሰዓት ጉዳይ የሁሉም ሃይማኖት ተማሪ በእኩል ዓይን ይታያል ወይ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፥ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛልና፥ ይህን መጠየቅ የወላጅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

ከድብልቁ ውስጥ በተለይ ሊታሰብለት የሚገባው የገጠሩ ልጅ ነው። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ሰኞ ቆጮውን ተሸክሞ ገብቶ ዓርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ ብዙ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ቋንቋው ከከተማው ልጅ ይልቅ ይከብደዋል። ለዚህ ልጅ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ፥ ማታ የሚያጠናበት ቤተ መጻሕፍት የሚከፍትለት ትምህርት ቤት ለሠራተኛውም ልጅ ይበጃል። ደካማውን የሚረዳ መምህር ጐበዙን አይተውምና።

አራተኛው፥ ሁላችንም የምናውቀውና የምንዘለው የውሃና የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። የወልቂጤ የውሃ ችግር በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነዋሪውን አደባባይ እስከ ማስወጣት የደረሰ ነበር። ስለዚህ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ለብቻው መሆኑን፥ በሩ የሚዘጋ መሆኑን፥ ውሃም መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ባልተሟላበት ስፍራ ሴት ልጅ በየወሩ ቀናት ከትምህርት ትቀራለች፤ እየቀረችም ወደ ኋላ ትቀራለች። እግረ መንገድንም የቤተ ሙከራውን ጠረጴዛ በጣት ነካ አድርጎ አቧራ መኖሩን ማየት፥ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ መጠየቅ፥ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር መኖሩንም ማረጋገጥ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ያሉት ጫት ቤቶችም ስንት እንደ ሆኑ ቢቈጠሩ አይከፋም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከመረመረ በኋላ ወላጅ ጉድለት ማግኘቱ አይቀርም። ጉድለት የሌለበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባም አይገኝም። ጥያቄው፥ ጉድለቱ የሚታወቅና የሚሠራበት ነው ወይስ የተሸፈነ የሚለው ነው። ይህንም ለማወቅ የወላጅ፥ የተማሪና የመምህራን ኅብረት፥ በአጭሩ ወተመህ የሚባለው፥ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደ ተሰበሰበና ምን እንዳስፈጸመ መጠየቅ በቂ ነው።

በዚህ ላይ ስለኛ ስለ መንግሥት ሠራተኞች አንድ ቃል ልጨምር። ደብዳቤ መጻፍ፥ በጀት ማንበብ፥ ቢሮ ለቢሮ ጉዳይ መከታተል የምንችለው እኛ ነን። ሁላችን ልጆቻችንን ወደ አዲስ አበባ ብናሸሽ፥ ወይም አቅም ያለን ወደ ግል ትምህርት ቤት ብንወስድ፥ የቀሩት ወላጆች ጉድለቱን እያዩ የት አቤት እንደሚሉ ሊቸገሩ ይችላሉ። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓመታት በየከተማው ሠርተው ካገኙት እያዋጡ፥ ለአገራቸው መንገድ ለማሠራት መደራጀታቸው የታወቀ ነው። ለእንግዳው ሠራተኛም አርአያነቱ ቀላል አይደለም። ከርሱ የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን፥ በወር አንድ ቅዳሜ በስብሰባው ላይ መገኘትና ቃለ ጉባኤውን አስተካክሎ መጻፍ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ትምህርት ቤቱን ከሰው አፍ አትስሙ። ሄዳችሁ እዩ፥ መዝገቡን ጠይቁ፥ በግቢው ቁሙ። የሚበቃ ሆኖ ካገኛችሁት ልጃችሁን አስመዝግቡ፤ ካስመዘገባችሁም በኋላ ስማችሁን በወተመህ መዝገብ ላይ አስፍሩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛና ወላጅ
ከወልቂጤ