የቲማቲም ገበሬው ልጅ

ሲድኒ ፖይቲየር በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ አባቱ የሬሳ ሣጥን ይዞለት መጣ። ጊዜው የካቲት 1927 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የባሃማስ ደሴቶች ገበሬዎች የሆኑት ሬጂናልድና ኤቭሊን ቲማቲማቸውን ሊሸጡ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ፣ ማያሚ በገቡበት ወቅት ልጁ ከቀኑ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊት ልጆች የቀበረው አባት ይህኛውም አይተርፍም ብሎ የጫማ ካርቶን የምታህል ሣጥን አመጣ። እናቱ ግን እጇን አልሰጠችም። ወደ አንዲት መዳፍ አንባቢ ሄደች፤ ሴትዮዋም ልጁ እንደሚተርፍና ስሟን በዓለም እንደሚያስጠራ ነገረቻት።

ልጁ ተረፈ። እስከ አሥር ዓመቱ ያደገው ካት አይላንድ በምትባል መብራትም የቧንቧ ውሃም ባልነበረባት ደሴት ነው። በኋላ የፍሎሪዳ ግዛት የባሃማስን ቲማቲም ማስገባት ሲከለክል የቤተሰቡ ኑሮ ተናጋና ወደ ዋና ከተማዋ ናሶ ተሰደዱ። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ተደምሮ ሁለት ዓመት አይሞላም። ሰፈሩ ሲያበላሸው ያየው አባት በ15 ዓመቱ ማያሚ ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ላከው። እዚያ ለጥቁር ሰው ያለው ንቀት ስላንገፈገፈው፣ በ16 ዓመቱ ብቻውን ኒውዮርክ ገባ።

በዚያች ከተማ ሰሃን እያጠበ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ተዋናይ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አይቶ ሃርለም ወደሚገኝ የጥቁሮች ቴያትር ቤት ሄደ። ድርሰቱን አንብብ ሲሉት ፊደል እየቆጠረ፣ በደሴት ቅላጼው ተንተባተበ። ፈታኙ ጊዜዬን አታባክን፣ ሂድና ሰሃን እጠብ ብሎ ከመድረክ አስወረደው። ሰውየው የልጁን ሥራ አያውቅም፤ ፊቱን አይቶ ብቻ ነው የገመተው። ይህ ግምት ሲድኒን ከስድቡ በላይ አቆሰለው። ከዚያ ሬዲዮ ገዛና የተናጋሪዎቹን አነጋገር እየደገመ ምላሱን ማረቅ ጀመረ። በሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ ሸምገል ያሉ አይሁዳዊ አስተናጋጅ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው ጋዜጣ ማንበብ አስተማሩት። ፖይቲየር ራሱ ካረጀ በኋላ እኚህን ሰው ሲያነሳ እንባው ይመጣ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ለወላጆቹ አልጻፈም። ደብዳቤ ያለ ገንዘብ እንዴት ይላካል ብሎ ስምንት ዓመት ያህል ዝም አለ። ልጁን ባሕር ማዶ የላከ ወላጅ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1950 የወጣውን «ኖ ዌይ አውት» የተባለ ፊልም፣ ሐኪም ሆኖ የተወነበትን፣ ከሠራ በኋላ ነው። እናቱ ፊልሙን ስታይ ነጩ ሰው ልጇን በሽጉጥ ሰደፍ ሲመታው ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ መልሰህ ምታው እያለች ጮኸች።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጣለት ፈተና ግን ከሁሉም የከበደ ነበር። ማርቲን ባውም የተባለ የተዋንያን ወኪል በሳምንት 750 ዶላር የሚከፈልበት ሥራ አቀረበለት። ገጸ ባሕርዩ ልጁ ተገድላ አስከሬኗ ደጁ ላይ ሲጣልለት ፈርቶ ዝም የሚል አባት ነው። በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ልጁ ልትወለድ ስለነበር ለሆስፒታል 75 ዶላር ያስፈልገዋል። ሆኖም እምቢ አለ። የእሱ አባት ሬጂናልድ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረምና። የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላሩን ተበደረ። ባውምም በዚህ እምቢታ ተገርሞ ወኪሉ ልሁን አለ፤ ለብዙ ዓመታትም አብረው ሠሩ።

በ1959 በብሮድዌይ መድረክ «ኤ ሬይዚን ኢን ዘ ሰን» በተሰኘው የሎሬይን ሃንስበሪ ተውኔት ዋልተር ሊን ሆኖ ተወነ። ዋልተር ቤተሰቡ ነጮች ሰፈር እንዳይገባ የቀረበለትን ገንዘብ ሊቀበል ሲል፣ ትንሽ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ሐሳቡን ይለውጣል። በ1964 ደግሞ ፖይቲየር «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» በተባለው ፊልም ኦስካር ተሸለመ፤ በመሪ ተዋናይነት የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። በ1967 በወጣው «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ፊልም አንድ ባለጸጋ ነጭ በጥፊ ሲመታው ወዲያው መልሶ ያጮለዋል። ይህ ትዕይንት ከየትኛውም ቅጂ እንዳይቆረጥ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። እናቱ ከጮኸች 17 ዓመት ሆኗል።

ምስጋና ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት አንዳንድ ጥቁር ተቺዎች፣ የሚጫወታቸው ሰዎች እንከን የለሽ ናቸው፤ ነጭ ተመልካች እንዳይከፋው የተቀመሙ ናቸው አሉት። ትችቱ አሳመመው። ቤቱም ሰላም አልነበረም፤ ከአራት ሴት ልጆቹ እናት ጋር ተፋታ፤ ከሁለተኛ ሚስቱ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። በ1970ዎቹ ወደ ዳይሬክተርነት አዘነበለና «አፕታውን ሳተርዴይ ናይት»ን የመሳሰሉ፣ ጥቁር ተመልካች እንደ ልቡ የሚስቅባቸውን ፊልሞች ሠራ።

የቲማቲም ገበሬው ልጅ ከ1997 እስከ 2007 በጃፓን የባሃማስ አምባሳደር ነበር። በ2000 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የሰው ልክ ለልጆቹ በሚያደርገው ይታወቃል የሚለውን የአባቱን ትምህርት ለመጽሐፉ ርዕስ መነሻ አድርጎታል። በ2008 ደግሞ ለልጅ ልጁ ልጅ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች በመጽሐፍ አወጣ። ሕፃኗ ማንበብ ስትችል እሱ ላይኖር እንደሚችል ያውቅ ነበርና ስለ ካት አይላንድ፣ ስለ ሬጂናልድና ስለ ኤቭሊን አስቀድሞ ነገራት። ስምንት ዓመት ለወላጆቹ መጻፍ ያቃተው ልጅ በ80 ዓመቱ ገደማ ለአራተኛው ትውልድ ጻፈ።

ፖይቲየር ያረፈው በጥር 2022 በ94 ዓመቱ ነው። ሬጂናልድ ያመጣት ሣጥን ከቀረች ዘጠና አራት ዓመት ሆኗት ነበር።