አምፑን ከመክሰስ በፊት

ከፋብሪካው ቴፕ ጋር በመጣ መኪና ላይ አምፕሊፋየርና ሰብ ውፈር ማስገጠም በአገራችን የተለመደ ነው። ከቻግኒ ተነስቶ በግልገል በለስና በማንቡክ በኩል ወደ ማንኩሽ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ህዳሴ ግድብ ለሚወርድ ሾፌር ሙዚቃ የመንገድ ጓደኛ ነውና ፍላጎቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከጊዜ በኋላ ነው። አምፑ ቀይ መብራት አብርቶ ዝም ይላል፤ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ስፒከሩ ያፏጫል፤ ወይም ጠዋት መኪናው አልነሳም ይላል። ያኔ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ አምፑ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይገዛ። ይህ ፍርድ ተቸኩሎበታል ብዬ እከራከራለሁ። ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው በመጋጠሚያው ላይ ነው፤ ኃይል በሚገባበት ሽቦ፣ ከቦዲ ጋር በታሰረው ኔጌቲቭ፣ ድምፁ ከቴፑ በተወሰደበት ቦታ። እነዚህን ሳያስለካ አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁለተኛውንም ለዚያው ብልሽት አሳልፎ ይሰጣል።

አምፕሊፋየር ከቴፑ የሚመጣለትን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ከባትሪውና ከዲናሞው በሚወስደው ኃይል ያጎለብተዋል። ከጀርባው ያለው ኃይል ካነሰ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሊሠራ አይችልም። ሒሳቡን እንየው። እውነተኛ 500 ዋት የሚያወጣና ብቃቱ 80 ከመቶ የሆነ አምፕ፣ ሞተር ተነስቶ 13.8 ቮልት ሲያገኝ፣ ወደ 45 አምፔር ይስባል። ይህን ሁሉ በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ከፊሉን መንገድ ላይ በሙቀት መልክ ማስቀረት ነው። በዚያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ሽቦ ይሸጣል። ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው፤ የማስተላለፍ አቅሙም የንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ሙዚቃው ከፍ ባለበት ሰዓት ተስተሩን መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ አምፑ ላይ ማሳረፍ ነገሩን ይለየዋል። ባትሪው 13.8 እያሳየ አምፑ ላይ 11 ከተነበበ ቀሪውን የበላው መንገዱ ነው። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፑ ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ደግሞ የቦዲው ማሰሪያ ተበላሽቷል ማለት ነው። ብሎኑ የተሰካው በቀለም ላይ ይሆናል፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ወደ ቆላው የሚወርድ ኮረኮንች መንገድ ብሎን ያላላል፤ አቧራውም ክፍተቱን ይሞላል። ለአምፑ የሚሄደው ዋና ሽቦ ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት። ወደ ኋላ ከተገፋ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ሾርት ቢያደርግ የሚያቋርጠው ነገር የለም፤ መኪና በእሳት የሚያያዘው እንዲህ ነው። እንደ ኤፍ ኤስ አር ባሉት፣ በ24 ቮልት በሚሠሩ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ አምፑን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መሳብ ሁለቱንም ይጎዳል። የሚሳብበት ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል። መፍትሔው 24ን ወደ 12 የሚያወርድ በቂ አቅም ያለው ኮንቨርተር ነው።

ከፋብሪካው ቴፕ ጋር ያለው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቴፕ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኛው የፋብሪካ ቴፕ ለአምፕ የተዘጋጀ መውጫ ስለሌለው ድምፁ ከስፒከር ሽቦው ይወሰዳል። የዚያ ሽቦ ኔጌቲቭ ግን የመኪናው ኔጌቲቭ አይደለም። ቴፑ ሲበራ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ የባትሪው ግማሽ፣ ማለትም 6 ቮልት ገደማ አለ። «ኔጌቲቭ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ከቦዲ ጋር ያገናኘው ባለሙያ የቴፑን የውስጥ አምፕ ገደለው። ትክክለኛው መንገድ በአምፑ የስፒከር መግቢያ ወይም ድምፁን በሚቀንስ ኮንቨርተር ማለፍ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ አምፑን የሚያስነሳው ቀጭን ሽቦ ነው። የፋብሪካ ቴፕ ብዙ ጊዜ ይህ ሽቦ ስለሌለው በቀጥታ ከባትሪ ይገናኛል፤ አምፑም ቁልፉ ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ ቢወሰድ ጠዋት መኪና መግፋት ይቀር ነበር። ሌላም አለ፦ አንዳንድ አዳዲስ ቴፖች ትንንሾቹን ስፒከሮች ለማትረፍ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ቤዙን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ባለቤቱ ሰብ ውፈሩ የደከመ መስሎት የአምፑን ጌይን ያጠነክራል፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤ የሰብ ውፈሩ ኮይል ይቃጠላል።

ቀዩ መብራት የአምፑ መከላከያ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው የሚናገረው። የስፒከሮቹ ሽቦዎች ተነቅለው አምፑ ሲበራ ቀዩ ከጠፋ ጥፋቱ ከአምፑ ውጭ ነው። ሽቦው ሾርት አድርጓል፣ ወይም የስፒከሮቹ ኦም አምፑ ከሚችለው በታች ወርዷል። እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል ያላቸው ሁለት ሰብ ውፈሮች ሁሉም በትይዩ ሲገናኙ 1 ኦም ይሆናሉ፤ 2 ኦም ብቻ የሚችል አምፕ ይህን አይሸከምም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው የጉባ ወራት ወንበር ሥር የታፈነ አምፕም ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳልና ይህን እንደ ብልሽት መቁጠር ስህተት ነው። ማፏጨቱን በሚመለከት፣ የምልክቱ ገመድ ከአምፑ ተነቅሎ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ገመዱ ወይም የቴፑ ኔጌቲቭ ነው። ሁለት ሰብ ውፈሮች ተገጥመው ቤዝ ከሌለ አንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገለባብጦ ይሆናል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ እርስ በርስ ይሻሻራሉ።

«የፋብሪካውን ቴፕ አውጥቶ አዲስ መግጠም አይቀልም?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ሚዛን አለው። ከጃፓን የሚመጣ ያገለገለ መኪና ቴፕ የተሠራው ለጃፓን የኤፍ ኤም ክልል፣ በቀድሞው አሠራር ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው። የኛዎቹ ጣቢያዎች ደግሞ በ87.5 እና በ108 መካከል ናቸው፤ 97.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ማግኘት የሚፈልግ ሰው ቴፑን ቢቀይር ምክንያት አለው። ነገር ግን አዲሱ ቴፕ የላላውን ብሎን አያጠብቅም፤ ቀጭኑንም ሽቦ አያወፍርም። ትልቅ ባትሪ ይገጠም የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ባትሪ ኃይል ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም፤ ሞተር ሲነሳ የሚሠራው ዲናሞው ነው። «ይህ የኤሌክትሪሻን ሥራ ነው፣ ባለቤቱን ምን ያገባዋል?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው፦ ገጠማው የባለሙያ ነው፤ ገንዘቡ ግን የባለቤቱ ነው። አምፕ በማይሸጥበት ከተማ የሚኖር ሰው ደግሞ ለተሳሳተ ፍርድ የሚከፍለው በዕቃው ዋጋ ላይ የመንገዱንና የቀናቱን ጭምር ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪሻኑ አምፑ ሞቷል ካለዎት በተስተር ለክቶ ቁጥሩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። አዲስ ከመግዛትዎ በፊትም የኔጌቲቩን ብሎን አስፈትተው፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቀው መልሰው ያሳስሩት።