ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ማግስት፣ በጮቄ ዙሪያና በደብረ ማርቆስ ጠዋት ጠዋት የሚሰማ ድምፅ አለ፤ የሚያቃስት ሞተር፣ «ግፋ! ግፋ!» የሚል ረዳት። ያን ጊዜ ሁሉም የሚፈርደው ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው በሞተሪኖው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ብርድ መኪናን በሁለት በኩል ይይዛታል። የሞተር ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሩ ለመዞር ይከብዳል፤ ባትሪው ደግሞ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ሥራው በከበደበት ሰዓት ሠራተኛው ደከመ ማለት ነው። ባትሪን የሚያስረጀው ግን ከብርዱ ይልቅ ሙቀት ነው። በዓባይ በረሃ ሲመላለስ የከረመ የሚኒባስ ባትሪ ገመናው የሚወጣው ደጋ ያደረ ዕለት ነው።

ለናፍጣ መኪና ከፍታውም ሌላ ጣጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየር አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ስለሆነ፣ አየሩ ስስም ቀዝቃዛም ሲሆን ሙቀቱ አይበቃም። ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታ ተቃጥሎ ቆላ ላይ ሳይታወቅ ቢኖርም፣ ደጋ ሲደርስ ይጋለጣል። ስለዚህ ቁልፉን ከፍተው የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስለው ቢጫ መብራት እስኪጠፋ ይታገሡ፤ አስፈላጊ ከሆነም ሁለቴ ይድገሙት። ይህችን ጥቂት ሰከንድ የሚነፍግ ሾፌር ባትሪውን በከንቱ ይጨርሳል።

ካልነሳ ድምፁን ያዳምጡ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩን ከካንዴሌታው ወይም ከነዳጁ ይፈልጉ። ቀስ ብሎ እያቃሰተ ከዞረ፣ ወይም «ጠቅጠቅጠቅ» እያለ የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል፤ ካልሆነም ማሰሪያው ላልቷል ወይም ነጭ ዝገት ይዞታል። ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የኔጋቲቭ ሽቦም ማየት አይዘንጉ፤ እሱን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። መብራቱ ደምቆ ሳለ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም ሞተሪኖው ብቻውን ፉጨት እያሰማ ሞተሩን ካላዞረ፣ አሁን ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለና መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኤን ላይ አድርገው ይሞክሩ።

በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ከዚያ ሞተሪኖውን ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። ያለ ዕረፍት መታገል ደህናውንም ሞተሪኖ ያቃጥላል።

ከሌላ መኪና ኬብል ሲያስሩ በመጀመሪያ ቮልቱን ይጠይቁ። ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ያንን በ12 ቮልት የቤት መኪና ላይ ማሰር ዕቃ ያቃጥላል። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ ያገናኙ፤ ቀጥሎ የደህናውን ባትሪ ኔጋቲቭ ከደከመው መኪና ሞተር ብረት ጋር፣ ከባትሪው ራቅ አድርገው ይሰሩ። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው አጠገቡ መሆን የለበትም። መግፋት የሚሠራው ለማንዋል መኪና ብቻ ነው። አንዳንድ የጭነት ሾፌሮች እንደሚያደርጉት ከሞተር ሥር እሳት ማንደድ ግን መኪናውንም ሰውንም የሚያስበላ ነገር ነው።

መከላከሉ ርካሽ ነው። ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12 ደግሞ ባዶ ሊባል የቀረበ። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ 14 ቮልት አካባቢ ካላሳየ ዲናሞው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ቢገዙም በሳምንቱ ይመለሳሉ። የመኪናዎ መመሪያ ከፈቀደ በ20/50 ዘይት ፈንታ 15/40 ለብርድ ይቀላል።

ገራዥ ሲገቡም ባትሪው ዓይንዎ እያየ ተለክቶ ቁጥሩን ሳያረጋግጡ ሞተሪኖ እንዲፈታ አይፍቀዱ።